ጌሾ የለመደ እጅ

ሲያትል፣ ሐምሌ 4 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ወርቅዬ፣
ቡሬ

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ያ ወደ ጓሮ ሲወርዱ የሚያዳልጠው ድንጋይ ተነሣልዎ ወይስ አሁንም እሱኑ እየረገጡ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት ይቅር ይበሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አንዱንም አልመለስኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር፤ ወረቀቱን ባወጣሁ ቁጥር ግን እጄ ለውሸቱ አልታዘዝ አለኝ።

እንግዲህ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ፎቶው ላይ ካፖርት የደረበው በርዶት አይደለም። ድምፁም የቀጠነው ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ወንድምዎ ታሟል። «ለእህቴ ለእታለም ብትጽፊ ካንቺ ጋር እህል ውኃችን አበቃ» ብሎ አስምሎኝ ነበር፣ እኔም ምዬለት ነበር። የንስሐ አባቴ ይፍቱኝ እንጂ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

አንጀቱ ላይ ዕጢ ወጥቶ በጥር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ካንሰር ነው፤ ስሙን ፈርቼ አልደብቅዎትም። አሁን በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጡታል። ሐኪሙ መድኃኒቱ እየሠራለት ነው ይላል። ችግሩ ምግብ የሚባል ነገር ጠልቷል። ወጥ ከሸተተው መታጠቢያ ቤት ነው የሚሮጠው። ሰባ ኪሎ የነበረ ሰው ሃምሳ ስምንት ገባ። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን፤ ከሃምሳ አራት ከወረደ ሰውነቱ አይችለውምና መድኃኒቱን አቆማለሁ አለ። ከቆመ ምን እንደሚሆን እርስዎም አይጠፋዎትም። እስከ ገና ድረስ መዝለቅ አለበት። ስለዚህ የኔ ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ ይህን ሰው ማብላት። ይመኑኝ፣ አበላዋለሁ።

አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ከጋራዡ ጀርባ ሐሺሽ ተክያለሁ።

እማምላክን አልታሰርም! ባለፈው ጥቅምት የዚህ ግዛት ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ለያዘው ሰው ሐኪም ከፈረመለት እቤቱ ተክሎ ለሁለት ወር የሚሆነውን መያዝ ይችላል ተብሏል። የሀብቴ ሐኪም ፈርሟል። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ቤት ሰው ሲመጣ የማርያምን ሥዕል እደርብበታለሁ። ችግኙን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ሚሪያም ናት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ጥቁር አሜሪካዊት። ባሏን በዚሁ በሽታ ቀብራለች። «የኔው ሰውዬ ምግብ የቀመሰው በዚህ ነው» ብላ ሦስት ችግኝ በቡና ጣሳ ይዛልኝ መጣች። ጣሳውን ስቀበላት ልቤ እንዴት ነበር መሰለዎት፣ እንደ ሌባ!

ዛሬ እስከ ጉልበቴ ደርሰዋል። ሚሪያም ስለ ማድረቁ ልታስረዳኝ ስትጀምር ሳቅሁባት። «ማማ ሚሪያም፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት መናኸሪያ በር ላይ ጠላ የሸጥኩ ሴት ነኝ፤ ቅጠል አደራረቅ ለኔ?» አልኳት። በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኳት አይጠይቁኝ። «ኦኬ፣ ኦኬ» ብላ እጇን አነሣች። ጌሾዬን እርስዎ ያውቁት የለ?

አደራ፣ ቢደውልልዎ እንዳልነገርኩዎት ይሁኑ።

ምክርዎን የምትጠብቅ፣
ባየሽ


ቡሬ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለባየሽ፣

ጤናሽን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ደረሰኝ። እንኳንም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ አልኩ፤ እንደ ድሮው ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼ ባስነብብ ኖሮ «ሐሺሽ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቡሬ በሙሉ ይሰማልኝ ነበር።

አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ በቆሎዬን አረምኩ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። መሐላውን በማፍረስሽ የሚመጣ ኃጢአት ካለ ግማሹ በኔ ይሁን። ደህና አድርገሽ አፈረስሽው።

ድንጋዩ እዛው ነው። ተይው።

ሀብቴ መድኃኒት እምቢ ማለት የዛሬ ጠባዩ አይደለም። ሰባት ዓመቱ ላይ የኮሶ ቀን ከግቢያችን ወይራ ጫፍ ላይ ወጣ። አባቴ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ በድንጋይ ቢያስፈራራው አልወርድም አለ። ሁሉም ሰልችቶት ሲገባ እኔ ዋንጫውን ይዤ ከሥሩ ቆምኩ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ርቦት ወረደና ጨለጠው። እሱን ማስገደድ አይቻልም። መቆም ነው እንጂ። አንቺም ቁሚ።

የማላውቀውን ነገር ግን አልመክርሽም። ይሄ ተክል ምን ይመስላል? ወንድና ሴት አለው? የሚበላው የቱ ነው? ሐሺሽ ሲሉ እሰማለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እስኪ በደንብ ንገሪኝ። ቅጠሉን ብቻ ሲያደርቁ አይቶ ማድረቅ ሙያ አይደለም፤ ለምን እንደሚደርቅ ማወቅ ነው።

ለሀብቴ ከኔ ነው ብለሽ አትንገሪው። ዝም ብለሽ ሳሚልኝ።

ወርቅዬ


ሲያትል፣ ነሐሴ 23 ቀን 1991 ዓ.ም.

እትዬ ወርቅዬ፣ እንደምን አሉልኝ?

ሳምኩልዎ። «ምን ነካሽ?» አለኝ። «ሰው ባሏን አይስምም?» አልኩት። ደስ ያለው ግን ይመስለኛል።

አሁን ጥያቄዎን በተራ ልመልስ። ቁመቱ አጥሩን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው፣ ጣት ጣት አለው። ሽታው! ከጋራዥ ጀርባ ሆኖ ኩሽና ድረስ ይመጣል። ፖስተኛው በቀደም ቆሞ አሸተተ፤ እኔም ኮስተር ብዬ «ስካንክ» አልኩት። ስካንክ የሚባል የሚገማ አውሬ እዚህ አለ። አንገቱን ነቀነቀና ሄደ።

ወንድና ሴትስ ላሉት፣ አዎ አለው! እንዴት አወቁ? ሚሪያም አንድ ቀን መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ ስትመረምር ቆየችና «ይሄ ወንድ ነው» ብላ አንዱን ከሥሩ ነቅላ ጣለችው። «ምን አጠፋ?» ብላት «ወንድ ሆነ» አለችኝ። ሳቃችን ሀብቴን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። አሁን ሴቶቹ ሁለቱ ቀርተዋል። ሚሪያም በማግሥቱ የዳሌ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ታኮማ የሚባል ከተማ ልጇ ቤት ተኝታለች፤ እስከ መስከረም መጨረሻ አትመለስም።

ሥራውን ጀምሬያለሁ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ ከሥር ከሥር ቅጠሉን እለቅማለሁ፣ ልክ እንደ ጌሾ። ጋራዡ ጣሪያ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፌ ለፀሐይ ሰጠሁት። የዚህ አገር የነሐሴ ፀሐይ ጥሩ ነው፤ በሦስት ቀን ኮሽ ኮሽ ይላል። ወቀጥኩት፣ ነፋሁት፣ አንድ ማሰሮ ሙሉ ሆነ። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አይተው አያውቁም!

ፍልሰታ ስለነበር ሀብቴ «ታምሜም ቢሆን ቅቤ አልነካም» ብሎ አስጠበቀኝ። ከፈታን በኋላ ማክሰኞ ሚሪያም እንዳለችኝ ቅቤ ላይ አንጥሬ በገንፎ ሰጠሁት።

እውነቱን ልንገርዎ። ምንም አልሆነም። ሦስት ማንኪያ ቀምሶ አስመለሰ። ሐሙስ ደገምኩለት፣ አሁንም ያው ነው። ትናንት ሃምሳ አምስት ተኩል መዘነ።

ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ምክንያቱን ደርሼበታለሁ። ተክሉ አናት አናቱ ላይ ዘር ሊይዝ ነው። ድብልብል ያለ፣ ፀጉራም፣ ሲነኩት እንደ ሙጫ ጣት የሚይዝ ነገር አውጥቷል። ቅጠሉን ኃይል ያሳጣው እሱ ነው። ሚሪያም ከመሄዷ በፊት እሱን እያሳየች ብዙ ነገር ብላኛለች፤ እኔ ግን ዘር የያዘ ጎመን ቅጠሉ እንደሚመርር የማላውቅ መሰልኳት? ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ ያንን አናቱን ሁሉ በመቀስ ቆርጬ እጥለዋለሁ። እስከዚያ አዲስ ቅጠል ይበዛል። ከዚያ ያዩኛል።

እጅዎን እስማለሁ፣
ባየሽ


ቡሬ፣ መስከረም 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ባየሽ፣

እንኳን አደረሰሽ ለማለትም ጊዜ የለኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ገባ። ይህ ደብዳቤ መስቀል ካለፈ በኋላ እንደሚደርስሽ ስለማውቅ ቴሌ ሄጄ ደወልኩልሽ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ተሰልፌ ሊመሽ ሲል ተራዬ ደረሰ። እዚያ ጠዋት ነው አሉኝ። ያነሣው ሀብቴ ነው።

«ሄሎ» አለ።

«ባየሽን አቅርብልኝ» አልኩት።

«ሥራ ሄዳለች። እታለም ነሽ? ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ። አንተስ?»

«እኔማ እንደ በሬ ነኝ።»

ዋሸኝ። እኔም «ተመስገን» ብዬ ዋሸሁት። በሬ ያለው ድምፅ ከጥጃም ያንሳል። የቴሌዋ ልጅ «እማማ፣ ደቂቃው እያለቀ ነው» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ለሱ የማላውቅ መስዬ፣ ላንቺ ደግሞ የማውቀውን መንገር አለብኝ።

«ለባየሽ ንገርልኝ» አልኩት። «ጌሾ አይደለም፣ ኮሶ ነው በላት። አናቱን እንዳትቆርጠው፣ መድኃኒቱ እሱ ነው። ጥላ ውስጥ ትስቀለው። ፀሐይ እንዳታሳየው በላት።»

«እታለም፣ የምታውቂው ነገር አለ?» አለኝ።

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ለምን እንዳልኩሽ ስሚ። ጌሾን ወንድ ነህ ሴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሚሪያምሽ ወንዱን ነቅላ ሴቷን ካስቀረች ግን የምትፈልገው ቅጠል አይደለም፣ አበባ ነው። ኮሶም እንደዚያው ነው። አባቴ ከጮቄ ተራራ ሥር የሚያስመጣው የሴቴዋን አበባ ነበር፤ ቅጠሏን በግም አይበላው። ዘለላውን ቆርጦ እልፍኝ ውስጥ፣ ነፋስ እንጂ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ቁልቁል ይሰቅለዋል። ፀሐይ ላይ የዋለ ኮሶ ገለባ ነው፣ ጠጥተሽው ሆድሽ እንኳ አይጮህም። አንቺ ያደረቅሽው የተክሉን ልብስ ነው ልጄ። ልትጥዪው ያሰብሽው ሰውነቱን ነው።

ሙያሽን አልነቀፍኩም። ጌሾሽን የሚስተካከል አልነበረም። እጅ የለመደውን ይሠራል፣ ምን ታደርጊ።

መልእክቴን ካልነገረሽ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። በየቀኑ ቅዳሜ እስኪያልፍ እየቆጠርኩ ነው።

ወርቅዬ


ሲያትል፣ ጥቅምት 27 ቀን 1992 ዓ.ም.
መድኃኔ ዓለም

እትዬዋ! እትዬ ወርቅዬ!

እንዴት ብዬ ልጀምር? ቁጭ ብለዋል? ይቀመጡና ያንብቡ። ከስልኩ ቀን ጀምሮ አልጻፍኩልዎትም፣ ብዙ አስጨነቅሁዎት። ይቅርታ፣ የዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ በእጄ የያዝኩት ነገር ሳይኖረኝ ባዶ ወረቀት ልልክልዎ አልፈለግሁም።

አልነገረኝም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዝም! ሥራ ውዬ ስገባ ግድግዳ እያየ ይጠብቀኛል። መድኃኒቱ ነው ብዬ ተውኩት። የልብስ እጥበት ሥራዬ ከባድ ስለነበር ቶሎ እተኛለሁ። ለካ ሰውዬው መሐላ አፍርሳ አሳወቀችብኝ ብሎ አኩርፎ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መቀሱን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን አናት በግራ እጄ ይዣለሁ። የጓሮ በር ተከፈተ። ሀብቴ! ከአልጋ ወደ ሶፋ እንኳ ተደግፎ የሚሄድ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ባዶ እግሩን፣ ደረጃውን ወረደ።

«ያንን መቀስ አስቀምጪ!»

«ግባ፣ ይበርድሃል!»

«አስቀምጪ አልኩሽ። መሐላሽን አፈረስሽ አይደል?»

«አፈረስኩ።»

«እታለም ታውቃለች።»

«ታውቃለች።»

«ሐሺሹንም?»

«እሱንም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በቡሬ የቀረኝ ጥሩ ስሜ ብቻ ነበር እኮ!» አለና አጥሩን ተደገፈ። እኔ እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ ነው ብዬ አየሁት። ሁለቱንም ነበር። «ደውላ ነበር። ጌሾ አይደለም፣ ኮሶ ነው በላት አለችኝ። አናቱን አትቁረጪው። ጥላ ውስጥ ስቀይው።»

ኮሶ የሚለውን ስሰማ፣ እትዬ፣ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ወንዱ መነቀሉ፣ ሚሪያም አናቱን እየነካች ያለችኝ፣ ማሰሮ ሙሉ ዱቄቴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ «አይዞሽ» ይለኛል። ያስቡት፣ እሱ እኔን!

ሚሪያም በመስከረም መጨረሻ በምርኩዝ ተመልሳ ተክሎቹን ስታይ አፏን ያዘች። ቅጠላቸውን ጨርሼ ስለላጨኋቸው የተነጨ ዶሮ መስለዋል። «ምን አደረግሽባቸው ቤቢ?» አለችኝ። ነገርኳት። ምርኩዟን ጥላ ሳቀች። «የነገርኩሽስ?» አለች። «ትሰሚኛለሽ ብዬ!» ቅጠሉን በማጣታቸው አበቦቹ እንደሚገባቸው አልወፈሩም፣ ግን ደርሰዋል አለችኝ። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቆረጥናቸው።

የት እንስቀል? ጋራዡ ያንጠባጥባል። ጨለማና ነፋስ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የሀብቴ የልብስ ቁም ሣጥን። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ማራገቢያ ደጁ ላይ አቁሜ፣ ከሱፎቹ ጎን ቁልቁል ሰቀልኩት። ሱፎቹን ያስታውሷቸዋል? ሁሉም ሰፍተውት ተንጠልጥለዋል። በየማለዳው በሩን ከፍቼ ሁለቱንም አያለሁ። አንደኛው እየደረቀ ነው፣ ሌላው የሚሞላውን ሰው እየጠበቀ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንጨቱን ባጥፈው ቀጭ አለ። ጌሾ የለመደ እጄ እሱን እንኳ አልሳተም!

በመሀል ሚዛን ነበረን። ጫማውን እንኳ አስወልቀው ሃምሳ አራት ከሩብ ሆነ። ነርሷ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። «በሚቀጥለው እናያለን» አለች። ሩብ ኪሎ፣ እትዬ! 

ከደረቀ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ አበባውን ቅቤ ላይ አንጥሬ በገንፎ አቀረብኩለት። ጥቂት፣ የቡና ማንኪያ ጫፍ። አንድ ሰዓት ምንም የለም። እኔ ጀርባዬን አዙሬ ዕቃ አጥባለሁ፣ ማየት ፈራሁ። ከዚያ ከኋላዬ፦

«ባየሽ።»

«አቤት።»

«ይሄ ገንፎ ጨው አንሶታል።»

እትዬ ወርቅዬ፣ ከጥር ወዲህ ምግብ ተሰጥቶት ነቀፌታ አልወጣውም ነበር። ሰው ካልራበው ምን ጨው ይፈልጋል? የጨው ዕቃውን ይዤ ሄድኩ፣ ግን እንባዬ ገንፎው ላይ ወርዶ ጨው አላስፈለገውም። ሙሉውን በላ። ከዚያ የሶፋው ትራስ ላይ ያለውን የዶሮ ሥዕል እያየ ለግማሽ ሰዓት ሳቀ። «ይሄ ዶሮ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?» ይለኛል። በማግሥቱ ማንኪያውን ቀነስኩ።

ትናንት በስቲያ ሚዛን ነበር። ሃምሳ ስድስት። ሐኪሙ እጁን ጨበጠው፣ ከዚያ እኔን ጨበጠኝ። መድኃኒቱ አይቆምም። ሁለት ዙር ቀርቶታል፣ ለገና ይጨርሳል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሱፉን ለብሶ፣ በቀበቶ አጥብቆ። አጠገባችን የቆመችው ሴት ደጋግማ አሸተተችን። እኔ ደግሞ ኮስተር አልኩና መዝሙሬን ቀጠልኩ።

ሙያዬ ትንሽ ቆስሏል፣ አልደብቅዎም። ግን ሚሪያምም «ቀጣዩን ክረምት አንድ ላይ ነን፣ አንቺ ማድረቅ፣ እኔ መናገር» ብላኛለች። እስከዚያ አያስፈልገን ይሆናል። ያን ድንጋይ ያንሡት፤ ዕድሜዎ እንዲረዝም እፈልጋለሁ።

ሀብቴ ወረቀቱን ከእጄ እየነጠቀኝ ነው። እንካ በዪው አለኝ ልቤ።

ባየሽ


እታለም፣

ሁሉንም ጽፋልሻለች። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው።

ወይራው ላይ የወጣሁ ቀን ርቦኝ አልነበረም የወረድኩት። ለሃምሳ ዓመት ርቦት ነው ስትይ ዝም አልኩሽ። ከላይ ሆኜ አይሻለሁ፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ ዋንጫውን እንደያዝሽ ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አትቀመጪም። እኔ ካልወረድኩ እንደማትገቢ ገባኝ።

ስልኩን ስትዘጊብኝም ከሥሬ እንደቆምሽ አወቅሁ።

ወርጃለሁ፣ እታለም። አሁን ግቢ።

ሀብተ ጊዮርጊስ